አንዱ ኢንዛይም የተለያዩ የደም ሕዋሳትን እንዴት ያፈራል?

ጥያቄውን ያቀረቡት የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪ ሲሆኑ፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኤሪትሮፖየቲን ቀይ የደም ሕዋስ፣ ትሮምቦፖየቲን ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕሌትሌት እንዲመረት ያደርጋሉ ተብለን ተምረናል። ነገር ግን ሁለቱም ሆርሞኖች በሕዋሱ ውስጥ የሚያነቁት ጃክ-2 የተባለውን አንድ ኢንዛይም ነው። መልእክተኛው አንድ ከሆነ መልእክቱ እንዴት ይለያያል? ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት የሚወስድ ሰውስ የደም ምርቱ ለምን ጭራሹን አይቆምም?»

ውድ ጠያቂ፣ ያነሱት ጉዳይ የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀስት ሥለው የሚያልፉት በመሆኑ፣ ረጋ ያለ መልስ ይገባዋል። ከሆርሞን ወደ ተቀባይ (ሆርሞኑ በሕዋሱ ላይ ወደሚያርፍበት ፕሮቲን)፣ ከተቀባይ ወደ ኢንዛይም፣ ከኢንዛይም ወደ ዘረ መል የሚወርደው የቀስት ሥዕል ስሕተት ባይሆንም፣ ኢንዛይሙን ትእዛዝ ይዞ የሚጓዝ መልእክተኛ ያስመስለዋል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ጃክ-2 «ቀይ ሁን» ወይም «ፕሌትሌት ሁን» የሚል ቃል አይሸከምም። የሚያደርሰው «ሆርሞኑ መጥቷል» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ሲሆን፣ ማስታወቂያውን የሰማው ሕዋስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስኑት ሕዋሱ አስቀድሞ የደረሰበት የእድገት ደረጃ፣ በዚያ ደረጃ ክፍት ሆነው የሚጠብቁት ዘረ መሎች፣ እንዲሁም የማስታወቂያው ብርታትና ቆይታ ናቸው። ዝናብ ዘር አይመርጥም፤ ስንዴ የተዘራበት ማሳ ስንዴ፣ ገብስ የተዘራበትም ገብስ ያበቅላል፤ ዝናቡ ከቀረ ግን አንዳቸውም ለፍሬ አይበቁም። የጃክ-2 ድርሻ ከሞላ ጎደል የዚህ ዝናብ ድርሻ ነው። ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ወደ ማስረጃዎቹ ከመሄዴ በፊት የሥራውን ስፋትና የኢንዛይሙን አሠራር ላስቀምጥ።

የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው የአጥንት መቅኔ በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ በቀን ደግሞ ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያመርታል። ቀይ ሕዋስ በደም ውስጥ የሚቆየው 120 ቀን ገደማ ነው፤ ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ዕድሜ አለው። የእነዚህ ሁሉ ምንጭ በቁጥር እጅግ ጥቂት የሆኑት ግንደ ሕዋሳት ናቸው። ጄምስ ቲል እና ኧርነስት ማኩሎክ እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ባሳተሙት ሥራ፣ መቅኔያቸው በጨረር የጠፋባቸውን አይጦች ከሌላ አይጥ በተወሰደ መቅኔ ሲወጉአቸው በጣፊያቸው ላይ የደም ሕዋሳትን የያዙ እባጮች እንደሚወጡ አሳዩ፤ እያንዳንዱ እባጭ ከአንድ ሕዋስ የተራባ መሆኑም ከዚያ በኋላ ተረጋገጠ። ምንጩ አንድ፣ ምርቱ ብዙ፣ ፍላጎቱም በየቀኑ ተለዋዋጭ ከሆነ፣ ደም ሲፈስ ቀዩን፣ ኢንፌክሽን ሲገባ ነጩን የሚያበዛ ፈጣን የምልክት ሥርዓት የግድ ያስፈልጋል።

የዚህ ሥርዓት ዋና መሣሪያ ካይኔዝ የሚባለው፣ ጃክ-2ም የሚመደብበት የኢንዛይም ዓይነት ነው። ካይኔዝ ኤቲፒ ከተባለው የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የመጨረሻውን ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ ፎስፌቱ የተለጠፈበት ፕሮቲንም ቅርጹን ይለውጣል፣ ወይም ለሌላ ፕሮቲን ማረፊያ ይሆናል። የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ በራሱ ኢንዛይም አይደለም። ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቀው የቆሙ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ጃክ-2 ተጣብቆ ይጠብቃል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲያርፍ ሁለቱን ሰንሰለቶች በትክክለኛው አቅጣጫ ያቀራርባቸዋል፤ ፊት ለፊት የተገናኙት ሁለት ጃክ-2ዎች አንዱ በሌላው ላይ፣ ቀጥሎም ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ በኩል በተቀባዩ ጅራት ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። በዚህ ማረፊያ ላይ ስታት-5 የሚባል ፕሮቲን ይቆማል፤ እሱም ፎስፌት ተለጥፎበት ከመሰሉ ጋር ይጣመርና ወደ ኒውክለሱ ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስታት-5 ከሚያነቃቸው ዘረ መሎች መካከል ሕዋሱን ከሞት የሚጠብቀውን ቢሲኤል-ኤክስኤል የተባለ ፕሮቲን የሚያስመርተው ይገኝበታል፤ ይህን በልብዎ ያኑሩት፣ ኋላ እመለስበታለሁና።

ጃክ የሚለው ስም ያኑስ ከተባለው ባለ ሁለት ፊት የሮማውያን አምላክ የተወሰደ ነው፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፎስፌት የሚለጥፈው ሠራተኛ ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ካይኔዝ መስሎ ሠራተኛውን ሆርሞን እስኪመጣ ድረስ አፍኖ የሚይዝ ልጓም ነው። የዚህ ልጓም መላላት ምን እንደሚያስከትል ከታች እናያለን።

አሁን ወደ ማስረጃዎቹ ልሂድ። ጃክ-2 ጨርሶ የሌላቸው የአይጥ ሽሎች በተፀነሱ በ12ኛው ወይም በ13ኛው ቀን ገደማ ቀይ የደም ሕዋስ ማምረት ተስኗቸው ይሞታሉ። ከዚህ ብቻ ብንነሣ «እንግዲያው ቀይ ሕዋስን የሚፈጥረው ጃክ-2 ነው» ማለት ይቃጣን ነበር። ነገር ግን ኤሪትሮፖየቲን ራሱ፣ ወይም የሱ ተቀባይ የሌላቸው ሽሎች፣ ምንም እንኳ በዚያው ዕድሜ አካባቢ በደም ማነስ ቢሞቱም፣ ጉበታቸው ሲመረመር ቀይ ለመሆን ቁርጥ ውሳኔ ላይ የደረሱ ለጋ ሕዋሳት ተገኝተውበታል (በዚያ የሽል ዘመን ደም የሚመረተው በዋናነት በጉበት ነው)። ይህ ግኝት ለኔ በመስኩ ካሉት ግኝቶች ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ነው። ሆርሞኑ ሳይኖር ሕዋሱ ቀይ ለመሆን ወስኗል፤ ያጣው ውሳኔውን ሳይሆን በሕይወት ቆይቶ የሚበዛበትንና የሚበስልበትን ዕድል ነው።

ከዚህ የሚብስ አስገራሚ ሙከራም አለ። የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ የሌላቸው ለጋ ሕዋሳት በሱ ፈንታ የፕሮላክቲን ተቀባይ ተሰጥቷቸው ፕሮላክቲን ሲጨመርላቸው ወደ ቀይ ሕዋስነት በሰሉ። ፕሮላክቲን የሚታወቀው ከጡት ወተት ምርት ጋር እንጂ ከደም ምርት ጋር አይደለም፤ ተቀባዩ ግን እንደ ኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ ሁሉ ጃክ-2ን እና ስታት-5ን የሚያነቃ በመሆኑ፣ ቀድሞ ቀይ ለመሆን ለተሰናዳው ሕዋስ የሆርሞኑ ማንነት ለውጥ አላመጣም። ያው የጃክ-2 ምልክት በጡት ሕዋስ ውስጥ የወተት ፕሮቲኖችን፣ በቀይ ሕዋስ ለጋ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሞላበትን ሕዋስ ያስከትላል ማለት ነው። ለጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል ከዚህ የጠነከረ መልስ ላቀርብልዎ አልችልም።

ታዲያ ውሳኔው የማን ነው? በአብዛኛው ዘረ መሎችን የሚከፍቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች ሥራ ነው። ጋታ-1 የተባለው ቀይ ሕዋስንና የፕሌትሌት እናት የሆነውን ሜጋካርዮሳይት ወደሚያስገኘው መንገድ ሲመራ፣ ፒዩ-1 የተባለው ደግሞ ወደ ነጭ ሕዋሳት ያዘነብላል፤ ሁለቱም አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ ይጫናሉ። አንደኛው ሲያሸንፍ የሕዋሱ ዲኤንኤ አጠቃቀለል ይለወጣል፤ የተወሰኑ ክፍሎች ይከፈታሉ፣ ሌሎቹም ተጠቅልለው ይዘጋሉ። ስታት-5 ወደ ኒውክለስ ሲገባ የሚያርፈው በአብዛኛው ክፍት ሆኖ ባገኘው ቦታ ነው። ሕዋሱም የትኛውን ተቀባይ በሽፋኑ ላይ እንደሚያወጣ የሚወሰነው በዚሁ ሂደት ነው፤ የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ በብዛት የሚገኘው በቀይ ሕዋስ ለጋዎች ላይ ሲሆን፣ የትሮምቦፖየቲን ተቀባይ ግን በሜጋካርዮሳይቶች ብቻ ሳይሆን በግንደ ሕዋሳቱም ላይ አለ። በዚህ የተነሣ ይህ ሁለተኛው ተቀባይ ሳይሠራ የሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያ ፕሌትሌት ብቻ ያንሳቸውና፣ ግንደ ሕዋሶቻቸው እየተመናመኑ ሲሄዱ በዓመታት ውስጥ ሁሉም የደም ሕዋሳት ወደ ማነስ ይደርሳሉ።

ሆኖም ነገሩን ከሚገባው በላይ እንዳላቀለው እሰጋለሁ። ሆርሞኖች ሕዋሱን ያቆዩታል ብቻ ወይስ አቅጣጫም ያስይዙታል የሚለው ክርክር ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነጠላ ሕዋሳትን በተከታታይ ፎቶግራፍ በመከታተል የተሠራ ጥናት ለሁለት ዕጣ የተዘጋጁ የነጭ ሕዋስ ለጋዎች ጂ-ሲኤስኤፍ የተባለው ሆርሞን መሰል ምልክት ሲሰጣቸው ግራኑሎሳይት ወደሚባለው ነጭ ሕዋስ፣ ኤም-ሲኤስኤፍ የተባለው ሲሰጣቸው ደግሞ ሞኖሳይት ወደሚባለው ሌላ ነጭ ሕዋስ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። እንግዲህ ሕዋሱ ገና በመስቀለኛ መንገድ ላይ ሳለ ምልክቱ ሊገፋው ይችላል፤ ከመንገዱ ከገባ በኋላ ግን የምልክቱ ሥራ ማቆየትና ማብዛት ይሆናል። በኤሪትሮፖየቲን ረገድ ሚዛኑ ወደ ማቆየት ያጋድላል ብዬ አምናለሁ፤ ከላይ ቢሲኤል-ኤክስኤልን በልብዎ ያኑሩት ያልኩትም ለዚህ ነው።

ስለ ምልክት ሲነገር ፎስፌት የሚለጥፉት ብዙ ይወራላቸዋል፤ ፎስፌት የሚያነሡት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ፎስፋቴዞች፣ ግን ይረሳሉ። ይህ ተገቢ አይመስለኝም፤ ማብቂያ የሌለው ምልክት ከምልክት ማጣት የማይተናነስ ጉዳት አለውና። ኤስኤችፒ-1 የተባለው ፎስፋቴዝ በኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ ጅራት መጨረሻ አካባቢ ተቀምጦ የጃክ-2ን ሥራ ያበርዳል። የዚህን ልጓም ዋጋ ከፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ከኤሮ ማንቲራንታ ታሪክ መማር ይቻላል። ማንቲራንታ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1964 በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ሲሆን፣ የሄሞግሎቢን መጠኑ ከሌሎች ሰዎች በጣም ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የቤተሰቡ የዘረ መል ጥናት ምክንያቱን ገለጠ፦ የኤሪትሮፖየቲን ተቀባያቸው ከጅራቱ የመጨረሻዎቹን 70 አሚኖ አሲዶች አጥቷል። ኤስኤችፒ-1 የሚቀመጥበት ቦታ የጠፋው ከዚሁ ጋር ነው። ጃክ-2 ምንም አልተነካም፣ ሆርሞኑም አልበዛም፤ የተጓደለው ምልክቱ የሚበርድበት መንገድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጃክ-2 የራሱ ልጓም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 አራት የምርምር ቡድኖች በተቀራረበ ጊዜ ያገኙት ለውጥ በኢንዛይሙ 617ኛ ቦታ ላይ ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በፌኒልአላኒን መተካቱን የሚያሳይ ነው። ቦታው በአፋኙ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ለውጡ ሠራተኛውን ክፍል ከልጓም ያላቅቀዋል፤ ኢንዛይሙም ሆርሞን ሳይጠራው መሥራት ይጀምራል። ይህ ለውጥ ፖሊሲቴሚያ ቬራ፣ ማለትም ቀይ ሕዋስ ከመጠን በላይ የሚበዛበት በሽታ ካለባቸው ሰዎች ወደ 95 በመቶ በሚጠጉት ላይ፣ ፕሌትሌት የሚበዛበት ወይም መቅኔ በጠባሳ የሚሞላበት ተዛማጅ በሽታ ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ይገኛል። ልብ ይበሉ፦ አንድ ኢንዛይም፣ በአንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ለውጥ፤ በሽታዎቹ ግን ሦስት። ጥያቄዎ በሰው አካል ላይ ተጽፎ የሚነበበው እዚህ ላይ ነው።

የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የመጠን ጉዳይ ነው። ፕሌትሌት በሚበዛበት በሽታ አብዛኞቹ የታመሙ ሕዋሳት ከሁለቱ የዘረ መል ቅጂዎች በአንዱ ላይ ብቻ ለውጡን የያዙ ሲሆን፣ በፖሊሲቴሚያ ቬራ ግን በሁለቱም ቅጂዎች ላይ የያዙ ሕዋሳት በብዛት ይገኛሉ። ለዘብ ያለው ምልክት ለሜጋካርዮሳይቱ ሲበቃ፣ የበረታው ቀይ ሕዋሱን ያነሣሣል ማለት ነው። ሌላው ቁም ነገር የተለወጠው ጃክ-2 እንኳ ብቻውን በሕዋሱ ውስጥ ተንሳፍፎ አለመሥራቱ ነው፤ አሁንም በተቀባይ ላይ መደገፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚያይለው የኤሪትሮፖየቲን፣ የትሮምቦፖየቲን ወይም የጂ-ሲኤስኤፍ ተቀባይ ባላቸው ሕዋሳት ላይ ነው። በላቦራቶሪ ሥራዎ ይህ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፦ በፖሊሲቴሚያ ቬራ የሄሞግሎቢን መጠን ከፍ ብሎ ሳለ በደም ውስጥ ያለው ኤሪትሮፖየቲን ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው በታች ይሆናል፤ ኩላሊት በበኩሉ ማምረቱን ቀንሷል፣ መቅኔው ግን ትእዛዝ መጠበቅ ትቷል።

ካይኔዝ ሁሉ ጃክ-2 አይደለም፤ ምልክት የሚያስተላልፍ ኢንዛይም ሁሉም ካይኔዝ አይደለም። ኪት የተባለው የግንደ ሕዋሳት ተቀባይ ራሱ ካይኔዝ በመሆኑ ጃክ አያስፈልገውም። የጃክ-2 ዘመድ የሆነው ጃክ-3 ሲጎድል ቲ ሕዋሳት የተባሉት የበሽታ መከላከያ ነጭ ሕዋሳት አይፈጠሩም፣ ሕፃኑም ለከባድ የበሽታ መከላከል እጦት ይዳረጋል፤ ቢቲኬ የተባለው ካይኔዝ ሲበላሽ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሕዋሳት በመቅኔ ውስጥ ሳይበስሉ ይቀራሉ። እነዚህን ባጭሩ አልፌ ካይኔዝ ባልሆኑ ሁለት ኢንዛይሞች ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የመጀመሪያው ሆርሞኑ ከመፈጠሩ በፊት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ ይባላል። ኦክሲጅን በበቂ መጠን ሲኖር ይህ ኢንዛይም ሂፍ በተባለው ፕሮቲን ላይ ከኦክሲጅኑ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የተደረገበት ሂፍም ተለይቶ ይፈርሳል። ኦክሲጅን ሲያንስ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ ሂፍ ሳይፈርስ ይከማቻል፤ ኩላሊት ውስጥም የኤሪትሮፖየቲንን ዘረ መል ያስነሣል። ሰውነት የኦክሲጅንን መጠን የሚለካው በዚህ መንገድ መሆኑን ያሳዩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. የ2019ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ካስፔዝ-3 ነው። ይህ ኢንዛይም የሚታወቀው ፕሮቲኖችን እየቆራረጠ ሕዋስን በመግደል ነው፤ ይሁንና በመብሰል ላይ ያለ ጤነኛ የቀይ ሕዋስ ለጋ ካስፔዝ-3ን ለተወሰነ ጊዜ ያነቃዋል፤ ያለ እሱም መብሰሉ ይስተጓጎላል። ሕዋሱ ለምን አይሞትም? ኤሪትሮፖየቲን በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ኤችኤስፒ-70 የተባለ ጠባቂ ፕሮቲን በኒውክለስ ውስጥ ጋታ-1ን ከካስፔዝ-3 ይከላከልለታል፤ ሆርሞኑ ሲጎድል ጠባቂው ከኒውክለስ ይወጣል፣ ጋታ-1 ይቆረጣል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ያው ኢንዛይም፣ በዚያው ሕዋስ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጠባቂው ካለ የመብሰል፣ ከሌለ የሞት መሣሪያ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ጃክ-2ን ከሚያግዱ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ሩክሶሊቲኒብ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለማይሎፋይብሮሲስ፣ ማለትም መቅኔ በጠባሳ ለሚሞላበት በሽታ፣ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መድኃኒቱ በኢንዛይሙ ላይ ኤቲፒ የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ ያ ቦታ በጤነኛውም በተለወጠውም ጃክ-2 ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይችልም። ኢማቲኒብ ከተባለው ሌላ ካይኔዝ አጋጅ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈቀደው ኢማቲኒብ በዋናነት የሚያነጣጥረው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለውን ካይኔዝ ነው፤ ይህም ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ በያዛቸው ሰዎች የታመሙ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ ለጤነኛ የደም ምርት የማያስፈልግ ነው፤ ስለዚህ አጥብቆ ማገድ ይቻላል። ጃክ-2ን ግን ያንን ያህል አጥብቆ ማገድ አይቻልም። በአዋቂ አይጦች ላይ የጃክ-2 ዘረ መል ሆን ተብሎ ሲጠፋ ግንደ ሕዋሳቱ ራሳቸው እየጠፉ መቅኔው ይከስማል። ይህም ማለት «ለምን ጭራሹን አይቆምም?» የሚለው ጥያቄዎ መልስ በመጠን ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢታገድ ይቆም ነበር።

ሩክሶሊቲኒብ ከኢንዛይሙ ጋር የሚተሳሰረው ለዘለቄታው አይደለም፤ ይያዛል፣ ይለቃል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በ3 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ በሁለቱ መጠኖች መካከልም ጃክ-2 የተወሰነ ፋታ ያገኛል። በዚህ ፋታና ባልተያዙት ኢንዛይሞች አማካይነት የደም ምርቱ ቀንሶ ይቀጥላል። ደም ማነስና የፕሌትሌት መቀነስ የመድኃኒቱ ዋና የጎንዮሽ ጉዳቶች የሆኑት እንግዲህ በአጋጣሚ አይደለም፤ የኤሪትሮፖየቲንና የትሮምቦፖየቲን ምልክት በመዳከሙ የሚመጡ፣ አስቀድመው የሚጠበቁ ውጤቶች ናቸው። ደም ማነሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በከፊል ያገግማል። የመነሻ መጠኑ በፕሌትሌት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወሰነው፣ የደም ቆጠራም በተለይ በመጀመሪያ ላይ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደገመው ለዚሁ ነው፤ እርስዎ ነገ በላቦራቶሪ የሚያወጡት ቁጥር ሐኪሙ ኢንዛይሙ ምን ያህል እንደታገደ ከሚገምትባቸው መንገዶች አንዱ ይሆናል።

ለታካሚው የሚሰማው እፎይታ፣ ያበጠው ጣፊያ መሟሸሽ፣ የሌሊት ላቡና የማሳከኩ መቅለል፣ በከፊል የሚመጣው መድኃኒቱ ጃክ-1 የተባለውን ሌላ የጃክ ዘመድም ስለሚያግድና በእብጠት ወይም በብግነት ጊዜ የሚመነጩ ምልክቶችን ስለሚያበርድ ነው። የታመሙት ሕዋሳት ግን በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ በመቅኔ ውስጥ ይቀራሉ፤ መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠም የበሽታው ምልክቶች በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይመለሳሉ፣ በአንዳንዶች ላይም ከቀድሞው በርትተው ይመጣሉ። ስለዚህ ፕሌትሌቱ በአደገኛ ሁኔታ ካላነሰ ወይም ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ካልመጣ በስተቀር፣ ማቆም ሲያስፈልግ መጠኑ በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ይደረጋል።